የቡሃቃው ሊጥ አይደፋ!

የይፋት ቆላ እናቶች፣ አባቶች፣ ወጣቶች! ከእንግዲህ በቡሃቃችን የተረፈውን ሊጥ አንድፋ። የምንደፋው ከአቀንጭራ፣ ከወፍና ከዝናብ እጥረት ተርፎ ጎተራ የገባ ማሽላ ነው። እሱን ደፍተን ልጆቻችንን ሳይቀምሱ ወደ ትምህርት ቤት መላክ ይብቃን።

ደገኛው ሊጡን ሦስት ቀን ያህል አቡክቶ ይጋግራል። ሸዋ ሮቢት ግን ከባሕር ወለል በላይ 1280 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ሞቃት ከተማ ናት፤ እዚህ እርሾ ፋታ አይሰጥም። ማታ የተቦካው በማግስቱ ኩፍ ይላል፤ ትንሽ ከቆየ ይኮመጥጣል። ስለዚህ እንጀራው ተጋግሮ ሲያበቃ የቀረውን «ለነገ አይሆንም» ብለን ከጓሮ እንደፋዋለን። በደሴ መንገድ ዳር ለመንገደኛ የሚጋግሩ ምግብ ቤቶችማ የሚተርፋቸው ከቤት ይበልጣል።

ሊጡ ስለኮመጠጠ ተበላሸ ማለት አይደለም። በእርሾው ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ተሕዋስያን የማሽላውን ብረትና ዚንክ አስሮ የሚይዘውን ፊቲክ አሲድ ይቀንሱታል፤ የዘንጋዳውንም ምሬት ያለዝባሉ። በደንብ የቦካ ማሽላ ካልቦካው ይልቅ ለሰውነት ይስማማል። ሻጋታ ያወጣ ወይም የከረፋ ሊጥ ግን ይደፋ፤ በልጆች ሆድ ድርድር የለም።

በሌላው ዓለም ዱቄትና ውሃ እየመገቡ እርሾ የሚያኖሩ ዳቦ ጋጋሪዎች፣ በመገቡት ቁጥር ከፊሉን ይቀንሳሉ። ብዙዎቹ ያንን ተቀናሽ ከእንቁላልና ከወተት ጋር መትተው ዋፍል ይጋግሩበታል። የእኛ እናቶችም ከመጨረሻው ሊጥ ለልጅ እንጎቻ ሲጋግሩ ኖረዋል። ጥበቡ በእጃችን ነው፤ ከሊጡ የጎደለው ማሾ ብቻ ነው።

ማሾ በደጃችን ይበቅላል፤ የቀወት ገበሬ ያመርተዋል፣ ነጋዴ ይጭነዋል። ማሽላ ደግሞ ላይሲን የሚባለው ለልጅ እድገት የሚያስፈልግ የፕሮቲን ክፍል ያንሰዋል፤ ማሾ ግን ሞልቶታል። ማሾውን በሙሉ ሸጠን ለልጃችን ባዶ ማሽላ ማቅረባችን በእውነት ያንገበግበኛል።

ማሾው አንድ ሌሊት ተዘፍዝፎ ይወቀጥ ወይም ይፈጭ፤ ከኮመጠጠው ሊጥ ጋር ይለወስ። የሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ደቆ ይግባበት፤ ቃሪያ፣ ጨውና ጥቂት ዘይት ይጨመር። ምጣዱ ሲግል ሊጡ ውስጥ ቁንጥጫ ቤኪንግ ሶዳ ጣል ይደረግበት፤ ሶዳው ከኮምጣጣው ጋር ሲገናኝ አረፋ አውጥቶ ሊጡን ያነሳዋል። በፍስክ እንቁላል ይመታበት፤ በጾም የተልባ ውሃ ይተካዋል። የዋፍል መጋገሪያ ያለው በእሱ ይጋግር። የሌለው ምጣዱን ያስስና ወፈር አድርጎ ያፍስስ፤ አክንባሎ ደፍቶ፣ ማሾው ጥሬ እንዳይቀር በዝግታ ያብስለው። ለቁርስ ይሆናል፤ በረመዳን ለኢፍጣር ይሆናል።

አንድ ቤት ብቻውን ይህን ቢያደርግ ግን ለራሱ ልጅ እንኳ ላይበቃ ይችላል። የአሥር ቤት ትርፍ ሲጠራቀም ነው የመማሪያ ክፍል ሙሉ ልጅ የሚቀምሰው። ስለዚህ በእድር፣ በጉርብትና እንሰባሰብ። ምግብ ቤቶች ሆይ፣ ትርፉን ሊጥ ክዳን ባለው ንጹህ ዕቃ አቆዩልን። ወጣቶች ማለዳ ዞራችሁ ሰብስቡ። መምህራን በግቢያችሁ አንድ ጥግ ስጡን። ወንዶችም ማሾ ውቀጡ፣ እንጨት ፍለጡ፤ ምጣድ ዳር ቁሙ፤ ይህ ሸክም ለእናቶች ብቻ ሊተው አይገባም።

አብረን መቆም እንደምንችል አውቃለሁ። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. የሸዋ ሮቢትና የአጣዬ ሰው ቤቱን ጥሎ ተሰድዷል። ከስደት የተመለሰን ሰው የሚጠብቀው ባዶ ቡሃቃ ነው፤ እንደገና የሚያቦካው ጎረቤት በሰጠው እርሾ ነው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ከዚያው እርሾ እየተበዳደረ ይኖራል። ያ መተጋገዝ ክፉ ቀን እስኪመጣ መጠበቅ የለበትም።

በአንድ ቀበሌ፣ በአንድ ትምህርት ቤት፣ ከፊታችን ባለው የመጋገሪያ ቀን እንጀምር። ማሾውን ዛሬ ማታ ዘፍዝፉ፤ ጎረቤቶቻችሁንም ለነገ ጠዋት ጥሩ።