ሽብር ፈጣሪ ከወዴት ይመጣል?

የሽብር አደጋ ለሐረር ነጋዴ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ከሐረር ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው በድሬዳዋ ራስ ሆቴል፥ በአዲስ አበባም በግዮንና በዋቢ ሸበሌ ሆቴሎች በ1988 ዓ.ም. ቦምብ ፈንድቶ ነበር። የአደጋው ሥፍራ ሁሉ እንግዳ የሚስተናገድበት፥ ንግድ የሚካሄድበት ቤት መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። በዚያው ዓመት በዶክተር አብዱልመጂድ ሁሴን ላይ የግድያ ሙከራ ተደረገ፤ ለእነዚህም ወንጀሎች ተጠያቂ የተባለው አል ኢትሐድ አል ኢስላሚያ ነው። ሚኒስትሩ ራሳቸው ሙስሊምና ሶማሌ ነበሩና ሽብር ፈጣሪን በሃይማኖቱና በጎሣው እለያለሁ ማለት ከንቱ ድካም ነው።

ብዙ ሰው ይህን የመሰለውን ወንጀለኛ ወይ እብድ ወይ ራብተኛ ነው ብሎ ይገምታል። ጥናቱ ግን ሌላ ያሳያል። የአእምሮ ሐኪሙ ማርክ ሴጅማን በአውሮፓ አቆጣጠር በ2004 ባወጣው መጽሐፍ የ172 ሰዎችን ታሪክ መርምሮ የአእምሮ ሕመም የተገኘባቸው እጅግ ጥቂቶች መሆናቸውን፥ አብዛኞቹም ወደ ቡድኑ የተሳቡት በወዳጅነትና በዝምድና መሆኑን ገልጿል። እንግዲህ አስቀድሞ የሚመጣው ትምህርቱ ሳይሆን ጓደኛው ነው። የተዋረደና የሚሰበሰብበት ያጣ ወጣት «ወንድማችን ነህ» ያለውን ሁሉ ይከተላል።

የወንጀል ጥናት ሊቃውንት ደግሞ ለአድራጊው ምቹ አጋጣሚ መንፈግን ይመክራሉ። ሐረር ይህን ከጥንት ታውቀዋለች፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ያሠሩት የጁገል ግንብ አምስት በሮች ሌሊት ይዘጉ ነበር። ዛሬ ግንቡ ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ የዓለም ቅርስ ነው እንጂ መከላከያ አይደለም። ስለዚህ ባለቤቱ ያልታወቀ ዕቃ በአደራ አለመቀበል፥ ተቀጣጣይ ነገር ሲሸጥ የገዢውን ማንነት መመዝገብ የባለሱቁ ፈንታ ሆኗል።

ይህ ሁሉ ግን ወጣቱን ከጎዳና አያነሣውም። ሐረሪዎች በአፎቻ፥ ሌሎቹም በእድር ለሠርግና ለኀዘን ይሰበሰባሉ፤ ነገር ግን በእነዚህ ማኅበራት ዘንድ ሥራ ፈቱ ወጣት ድንኳን ተካይ ብቻ ሆኖ ቀርቷል። በየመደብሩ አንድ አንድ ልጅ ሚዛንና መዝገብ እንዲማር ቢቀጠር ወጪው ከአንድ ዘበኛ ደመወዝ አይበልጥም።

አንድ ነገር ግን ሊታፈር ይገባል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652 ጋዜጠኞችንና የፖለቲካ ተቃዋሚዎችን ለማሰር ውሎ፥ በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1176 ተተክቷል። ነጋዴም ተፎካካሪውን ለመጣል «ሽብርተኛ» ብሎ ስም ሹክ ቢል ያው ነው። ያ ባለሱቅ በሐሰት ተይዞ ሱቁ ሲታሸግ በዱቤ ዕቃ የሰጠው ጅምላ ሻጭ ገንዘቡን ከማን ይጠይቃል? አባቱ በአደባባይ ሲዋረድ ቆሞ ያየውስ ልጅ ማታ የሚያጽናናው ማን ይሆን?