አማካሪው ከሻጩ በፊት፦ ሰው ሠራሽ አስተውሎትና የወገዳ ነጋዴ መዝገብ

የስማዳ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በወገዳ፣ እንደ ጎረቤቶቿ እንደ ጋይንትና እስቴ ከተሞች ሁሉ፣ የአንድ እህል ነጋዴ አቋም ከባንክ ደብተሩ ይልቅ በዱቤ መዝገቡ ይታወቃል። ማን መቼ እንደ ወሰደ፣ ከአዝመራ በኋላ እንደ መለሰ ወይም እንዳልመለሰ፣ ማን ዋስ እንደ ሆነው ከፊሉ በተማሪ ደብተር ላይ ተጽፏል፤ ቀሪው በነጋዴው ጭንቅላት ውስጥ ይገኛል። የንግድ ተቋማት ሰው ሠራሽ አስተውሎትን ሥራ ላይ ለማዋል አማካሪ ያስፈልጋቸዋል ወይ የሚለው ጥያቄ በዚህ አካባቢ ሲነሣ መልሱ መፈለግ ያለበት ከዚሁ ደብተር ነው።

ቴክኖሎጂው ፈቃድ ጠይቆ አልመጣም። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ በ2014 ዓ.ም. ከዳሸን ባንክ ጋር በመሆን የደንበኛውን የግብይት ታሪክ እየመዘነ ያለ መያዣ አነስተኛ ብድር መስጠት ቀጠለ። የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክም «ሚቹ» በተሰኘው አገልግሎቱ በተመሳሳይ መንገድ ለጥቃቅንና አነስተኛ ነጋዴዎች ያበድራል። መያዣ የሌለው ሰው ብድር ማግኘቱ ትልቅ ነገር ነው፤ ለዘመናት ቤትና መኪና ለሌለው ሰው ዝግ የነበረ በር ተከፍቷል። ነገር ግን መዛኙ የሚያየው በስልክ ያለፈውን ግብይት ብቻ ነው። በጥሬ ገንዘብ የተሸጠው ጤፍ፣ በቃል የተሰጠው ዱቤ፣ በዕቁብ የተሰበሰበው ብር ለእርሱ የሉም።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ጉዳይ አለ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። በአጭር ቁጥር የሚሠራው ክፍያ ኔትወርክ እስካለ ድረስ ቢያገለግልም፣ በመተግበሪያ የሚደረገው ይቆማል፤ መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ገበያውም አብሮ ይቀዘቅዛል። ይህ ዘመን በመረጃ ቋት ውስጥ ባዶ ሰሌዳ ሆኖ ይቀመጣል። ባዶውን የሚያነብ ሞዴል ሁለት ሰዎችን መለየት አይችልም፦ ሥራ አቁሞ የጠፋውን ነጋዴና መስመር ተቆርጦበት በጥሬ ገንዘብ ሲነግድ የከረመውን። ሁለቱንም «እንቅስቃሴው ደካማ» ብሎ ይመዘግባል። በስሌቱ ላይ ስሕተት አይገኝበትም፤ ስሕተቱ ባዶው ከየት እንደ መጣ ጠያቂ አለመኖሩ ነው። ብድሩን የተነፈገው ነጋዴም ለምን እንደ ተነፈገ አያውቅም፤ በዚያ ዓመት ማዳበሪያና ዘር በዱቤ የሚጠብቁ ገበሬዎችም ምክንያቱን አይሰሙም።

አማካሪ ለመቅጠር ከሚቀርቡት ምክንያቶች ሁሉ ጠንካራው ይኸው ነው። ሶፍትዌር ሻጩ ምርቱን የሚያሳየው በደንብ በሠራበት መረጃ ነው፤ ያም በአብዛኛው የአዲስ አበባ መረጃ ነው። የአንድ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ሒሳብ ሹም በበኩሉ አባላቱን አንድ በአንድ ያውቃል፤ ሞዴል ምን እንደሚያይና ምን እንደማያይ ግን የመመርመር ዕድል አላገኘም። በሁለቱ መካከል ቆሞ «ይህ ዝምታ ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል። የዛሬው ጸደይ ባንክ ገና የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም ሳለ ያበድር የነበረው በአመዛኙ እርስ በርስ ዋስ በሚሆኑ ቡድኖች አማካይነት ነበር። ያ አሠራር የራሱ ችግር ነበረበት፤ ሆኖም የጎረቤትን ዕውቀት በብድር ውሳኔው ውስጥ አስገብቷል። አዲሱ አሠራር ያንን ዕውቀት ጥሎ ከሄደ ዘመናዊ ቢባልም ከቀድሞው ያነሰ ያውቃል።

ጥቃቅን የሚመስሉ፣ ነገር ግን ገንዘብ የሚያስወጡ ጉዳዮችም አሉ። «ፀሐይ» የምትባል ደንበኛ በአንድ መዝገብ በጸሎቱ ጸ፣ በሌላው በፀሐዩ ፀ ብትጻፍ ለኮምፒውተር ሁለት ሰው ናት። የመጠሪያ ስም፣ የአባትና የአያት ስም ሥርዓት የቤተሰብ ስም በሚጠይቅ ቅጽ ላይ ይዘበራረቃል። ጳጉሜን የማያውቅ ሶፍትዌር የዓመቱን ሒሳብ መዝጊያ ያዛባል። የሑዳዴ ጾም ሲገባ የቅቤና የእንቁላል ሽያጭ መቀነሱ በወገዳ የሚጠበቅ ነገር ነው፤ ለማያውቅ ሞዴል ግን የኪሳራ ምልክት ነው። በተጨማሪም ጽሑፍ የሚያነቡና የሚጽፉ ትልልቅ የቋንቋ ሞዴሎች የአማርኛን ቃል ከእንግሊዝኛው ይልቅ በብዙ ቁርጥራጭ ስለሚከፋፍሉት፣ ክፍያው በቁርጥራጭ ብዛት በሚታሰብበት ጊዜ ለአንድ ዓይነት መልእክት የሚወጣው ዋጋ ከፍ ይላል። ይህንን አስቀድሞ የሚናገር ሻጭ ብዙ ጊዜ አይገኝም።

ሕጉም ተለውጧል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የደንበኛን መረጃ የሚሰበስብ ተቋም ለአያያዙ ኃላፊ ነው፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የዱቤ ደብተርን ፎቶ አንሥቶ ወደ ውጭ አገር አገልጋይ መላክ ቀላል ሥራ ይመስላል። በደብተሩ ላይ ያሉት ስሞች ግን የነጋዴው ንብረት አይደሉም።

ተቃውሞው የታወቀ ነው፦ አማካሪ ውድ ነው፤ አንዳንዱም ካባ የለበሰ ሻጭ ነው። ተቃውሞው እውነት አለው። በ2025 እ.ኤ.አ. ዴሎይት የተባለው ታላቅ አማካሪ ድርጅት ለአውስትራሊያ መንግሥት ባቀረበው፣ 440 ሺህ ያህል የአውስትራሊያ ዶላር በተከፈለበት ሪፖርት ውስጥ የሌሉ ጽሑፎች ተጠቅሰው በመገኘታቸው ከክፍያው ከፊሉን ለመመለስ ተስማምቷል፤ በዝግጅቱም ሰው ሠራሽ አስተውሎት አገልግሎ ነበር። ስለዚህ ዝና ዋስትና አይሆንም። ዋስትናው ውሉ ነው። አማካሪው ከሶፍትዌር ሻጭ ኮሚሽን እንዳይቀበል፣ «አትግዙ» ብሎ ቢመክርም ሙሉ ክፍያው እንዳይቀነስበት፣ ሲሄድም ሥራውን የሚረከብ የተቋሙን ሠራተኛ አሠልጥኖ እንዲሄድ መጻፍ አለበት።

ለአንድ ሱቅ ይህ ሁሉ ወጪ ትርጉም የለውም፤ ባለሱቁ ገንዘቡን ለዕቃ ቢያውለው ይሻላል። ወጪው የሚገባው ለአበዳሪዎች፣ ለኅብረት ሥራ ዩኒየኖችና ውሳኔያቸው በሺዎች ላይ ለሚያርፍ ተቋማት ነው። አማካሪውም የግድ ከአዲስ አበባ መምጣት የለበትም። ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ በዚያው በደቡብ ጎንደር ዞን ይገኛል፤ የጾሙን ወቅትና የክረምቱን መንገድ የሚያውቁ ተመራቂዎቹ፣ ከጥቂት ተጨማሪ ሥልጠና ጋር፣ ከሩቅ ከሚመጣ ባለሙያ የተሻለ ጥያቄ ሊያነሡ ይችላሉ።

የመጀመሪያው ሥራቸው ምን መሆን እንዳለበት ግልጽ ነው። አበዳሪው ቀድሞ ሰጥቶ ፍጻሜያቸው የታወቀ ብድሮችን ይወስዳሉ፤ ውጤታቸውን ሸፍነው ሞዴሉ እንዲፈርድ ያደርጋሉ፤ ከዚያም ብድራቸውን በሚገባ መልሰው ሳለ ሞዴሉ «አይሰጣቸው» ያላቸውን ሰዎች ይቆጥራሉ። ቆጠራው በየወረዳው ተለይቶ መቅረብ ይኖርበታል። በጥቅሉ ከቀረበ የስማዳ ስሕተት በባሕር ዳርና በአዲስ አበባ አማካይ ውስጥ ይሸፈናል።