የባቡር ጣቢያና የከተማ ዕድገት፦ የከሚሴና የአካባቢው ነዋሪ ሊያውቃቸው የሚገቡ ጉዳዮች

በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዋና ከተማ የሆነችው ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ በቦርከና ሸለቆ ትገኛለች። ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል ሐራ ገበያ እንዲደርስ የተዘረጋው የባቡር መስመርም በዚሁ አካባቢ ያልፋል። በ2007 ዓ.ም. ግንባታው የተጀመረው ይህ መስመር 390 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ሲሆን፣ አዋሽ ላይ ከአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር ጋር ይገናኛል። የሰሜኑ ጦርነት ሥራውን ቢያስተጓጉለውም፣ በመስመሩ ዙሪያ ያለው መሬት ፈላጊው እየበዛ መሄዱ አይቀርም። ስለዚህ ነዋሪው አስቀድሞ ሊያጤነው የሚገባው ጉዳይ ከባቡሩ ይልቅ መሬቱ ነው።

ጣቢያ ከተማን ሊፈጥር ይችላል። የምድር ባቡሩ ሐዲድ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት አዳጋች ስለሆነበት፣ በ1895 ዓ.ም. ከተራራው ግርጌ ድሬዳዋ ተቆረቆረች። ሆኖም ጣቢያ መኖሩ ብቻ ጥቅም አያስገኝም። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር አያትንና ቃሊቲን ከመሀል ከተማ ቢያገናኝም፣ በመሬት ላይ የተዘረጋው ሐዲድ የመንገዱን ግራና ቀኝ ለይቶ እግረኛው ማቋረጫ ፍለጋ ረጅም ርቀት እንዲሄድ አድርጓል። የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር የለቡ ጣቢያም ከመሀል ከተማ የራቀ በመሆኑ ተሳፋሪው ሌላ መጓጓዣ ያሻዋል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለከሚሴ ግልጽ ነው። የሰንበቴና የባቲ ገበያዎች አርሶ አደሩንና አርብቶ አደሩን ከሩቅ የሚያሰባስቡ ናቸው። ማሽላውም ሆነ ከብቱ ጣቢያ የሚደርስበት መጋቢ መንገድ፣ ማራገፊያና በረት ከሌለ ባቡሩ አልፎ ሂያጅ ይሆናል። በበጋ ከብት የሚሰማራበት የጨፋ ሜዳም መሻገሪያ ያስፈልገዋል።

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። ስለሆነም “ጣቢያ ሊሠራበት ነው” በሚል ወሬ የእርሻ መሬትን በመንደር ውል የሚገዛ ሰው ሕጋዊ ይዞታ አያገኝም፤ ሻጩም መተዳደሪያውን ያጣል። በሌላ በኩል፣ መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም የግል ንብረትን መውሰድ ሲያስፈልገው ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ መክፈል እንዳለበት ይኸው አንቀጽ ይደነግጋል። ዝርዝሩ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 እና በማሻሻያው በአዋጅ ቁጥር 1336/2016 ተቀምጧል።

በመሆኑም ባለይዞታዎች የሚከተሉትን እንዲፈጽሙ ይመከራል፦

– የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር የባልና የሚስትን ስም መያዙን፣ የውርስ ለውጥም መመዝገቡን ማረጋገጥ፤
– በይዞታ ላይ የሚገኘውን ቤት፣ ቋሚ ተክልና የውኃ ጉድጓድ በሚመለከት ማስረጃ መያዝ፤
– ግንባታ ከመጀመር በፊት በከተማ ማዘጋጃ ቤት፣ በገጠር ደግሞ በወረዳው መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት የቦታውን የፕላን ምደባ መጠየቅ፤
– የካሳ ግምት ሲሰጥ ስሌቱን በጽሑፍ መቀበልና ቅሬታን በሕጉ የጊዜ ገደብ ውስጥ ማቅረብ።

የብሔረሰብ አስተዳደሩ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ በመሆኑ፣ ነዋሪው ማስታወቂያና ግምት በሚረዳው ቋንቋ እንዲገለጽለት መጠየቅ ይገባዋል። ያልተረዱትን ሰነድ መፈረም ኋላ የማይመለስ ጉዳት ሊያስከትል ይችላል።