ቆሻሻችን ከደጅ ሲወጣ



ባለፈው ሳምንት እዚህ ቀራንዮ ሰፈራችን ቆሻሻ የምትሰበስበው ልጅ ደጄን አንኳኳች። ለወትሮው ማዳበሪያውን ተቀብላኝ ትሄዳለች። ያን ዕለት ግን ጣቷን ጨብጣ፣ «ሲስተር፣ እስቲ ይዩልኝ፤ ከፌስታል ውስጥ መርፌ ወጋኝ» አለችኝ። ቁስሉ የሰሊጥ ፍሬ አያህልም፤ ፍርሃቷ ግን ከፊቷ ይነበብ ነበር። የሁለት ዓመት ልጅ አላት።

ጣቷን በሚወርድ ውሃና በሳሙና አጥቤ ወዲያው ጤና ጣቢያ ይዣት ሄድኩ። እናንተም ቢገጥማችሁ አትጭመቁት፣ አትምጠጡት፤ ታጥባችሁ ሂዱ። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በፈጠነ ቁጥር ይሻላል። የጉበት ቫይረስም በዚሁ መንገድ ይተላለፋል።

መርፌውን የጣለው ክፉ ሰው አይመስለኝም። ምናልባት ኢንሱሊን የሚወጋ አባት ያለበት ቤት ነው። ፌስታሉ ከደጅ ከወጣ በኋላ የት እንደሚሄድ ግን አላሰበም።

የሚሄደው እዚሁ ክፍለ ከተማችን፣ ቆሼ ወደምንለው ረጲ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ተራራ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የዚያን ሰሞን ለቅሶ የምንረሳው አይደለም።

ከአደጋው በኋላ በጃፓን መንግሥት ድጋፍ፣ በተባበሩት መንግሥታት የሰፈራ ፕሮግራም በኩል፣ የፉኩዎካ ዘዴ የሚባለው መጣ። በቆሻሻው ሥር ቀዳዳ ያላቸው ቱቦዎች ይዘረጋሉ፤ ፍሳሹ በዚያ ይወጣል፣ አየር ይገባል፣ ለእሳት የሚያጋልጠው ጋዝም ይቀንሳል።

በዚያው ስፍራ ነሐሴ 13 ቀን 2010 ዓ.ም. ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ጣቢያ ተመረቀ። የቻይና ድርጅት በግንባታው ተሳተፈ፤ ራምቦል የተባለ የዴንማርክ ድርጅትም በምሕንድስናው አማከረ። የታቀደው በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ ተቃጥሎ 25 ሜጋ ዋት ያህል ኃይል እንዲገኝበት ነው። አሠራሩን ለልጅ ልጄ በማንቆርቆሪያ ነው ያስረዳሁት፦ ክዳኑን የሚያንቀጠቅጠው እንፋሎት ሲበዛና ሲታመቅ ትልቅ ዘዋሪ ያዞራል፤ መብራት የሚመጣው ከዚያ ነው።

«በደረቅ ጦስ እርጥብ ይነዳል» ይባላል። ምድጃው ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ እርጥቡ ደረቁንም አላነድ ይላል። እርጥብ እንጨት ያነደደች እናት ታውቀዋለች፤ እሳቱ ውሃውን ሲያደርቅ ጉልበቱ ያልቃል። ከኛ ማጀት የሚወጣው ደግሞ አብዛኛው የድንች ልጣጭ፣ የቡና አተላና የተረፈ ምግብ ነው። ማሽን ከውጭ ይመጣል፣ ባለሙያም ይመጣል፤ የቤታችንን ቆሻሻ ሊለይልን የሚመጣ ግን የለም።

ስለዚህ ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ሦስት ነገር እንልመድ።

አንደኛ፣ እርጥቡንና ደረቁን በየማዳበሪያው እንለይ። ጓሮ ያለው እርጥቡን አፈር አልብሶ ኮምፖስት ያድርገው። የሃይላንድ ጠርሙሱን ለብቻው እናስቀምጥ፤ ለሰብሳቢዎቹ ወይም ለቁራሌው ገቢ ነው።

ሁለተኛ፣ የተጠቀምንበትን መርፌ ክዳኑን መልሰን ሳንገጥም ባዶ የበረኪና ጀሪካን ውስጥ እንጣል። «መርፌ ነው» ብለን እንጻፍበት፤ ሦስት አራተኛው ሲሞላ አጥብቀን ከድነን ጤና ጣቢያ የት እንደሚቀበሉን እንጠይቅ። ልጆች ከማይደርሱበት ይቀመጥ።

ሦስተኛ፣ የተሰበረ ብርጭቆ በካርቶን ተጠቅልሎ ይውጣ፤ ያለቀ ባትሪ ደግሞ ከሌላው አይቀላቀል፣ ግቢ ውስጥም አይቃጠል።

ሥራውን ለልጆች ስጧቸው፤ ከኛ ይልቅ እነሱ ቶሎ ይለምዳሉ። የልጅ ልጄ አሁን ማዳበሪያውን እየከፈተ እኔን መቆጣጠር ጀምሯል።

ልጅቷ መድኃኒቷን ጀምራለች። የምርመራዋን ውጤት አብረን እየጠበቅን ነው። ትናንት ስትመጣ ጀሪካኑን አሳየኋት፤ «ሁሉም ቤት እንዲህ ቢሆን» አለችኝ።

ቸር ይቆየን።