ዋልያን ማን ይቁጠርልን?

ጎንደር ፒያሳ ቁጭ ብላችሁ «ዋልያ» ብትሉ የሚመጣላችሁ ወሬ የኳስ ነው። ብሔራዊ ቡድናችን ከ31 ዓመት በኋላ ለ2013ቱ የአፍሪካ ዋንጫ ሲያልፍ «ዋልያዎቹ!» እያልን ድምፃችን እስኪዘጋ ጮኸናል። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምናወራው፤ የፓርኩ ቁጥሮች በዚያ ስለሚጻፉ።) ቢራ ወጥቶበታል፣ ሆቴሉም አስጎብኚውም ስሙን ይወደዋል። እንስሳውስ? ከከተማችን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዳችሁ ደባርቅ፣ ከደባርቅ ወዲያ ገደሉ ላይ አለ። ስንት ቀረ ስትሉ ግን ወሬው ያልቃል።

እንንገራችሁ። በ2015 ዓመት 865 ተቆጥሮ ነበር። በ2024 ደግሞ 306። በዘጠኝ ዓመት ከሦስት እጁ ሁለቱ የለም ማለት ነው! ጋዜጠኝነት ተምረናል የምንለው እኛ ዜናውን ሰማን፣ «ያሳዝናል» አልን፣ አለፍን። ማን ቆጠረ፣ እንዴት ቆጠረ ብሎ የጠየቀ ከመካከላችን አልተገኘም።

ዋልያ እንደ በግ በረት አስገብተው አይቆጥሩትም። ከገደሉ ወጣ ብሎ የሚግጠው በማለዳና ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ስለዚህ ስካውቶቹና ባለሙያዎቹ ገደሉን ተከፋፍለው በአንድ ሰዓት በየቦታቸው ይሰየማሉ። ከ3,000 ሜትር በላይ፣ ብርዱ አጥንት የሚገባበት ቦታ ላይ፣ በደረት ተኝቶ በመነጽር ወደ ታች ማየት ነው። ስንት ወንድ፣ ስንት ሴት፣ ስንት ግልገል፣ በስንት ሰዓት፣ ወደየት ሄደ … ሁሉም ይጻፋል። በኋላ ወረቀቶቹ ይተያዩና ሁለት ጊዜ የተቆጠረው ይሰረዛል። ወጣቱን ወንድ ከሴቷ በሩቁ መለየት ራሱ የዓመታት ልምድ ይጠይቃል። ከሥር ጉም ከተነሣ ደግሞ የዕለቱ ልፋት እዚያው ቀረ!

ይህ ሥራ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ስዊዘርላንዳዊው በርንሃርድ ኒቨርገልት በ1968 እና በ69 ሰሜን ተራሮች ላይ ሰፍሮ ዋልያን ሲያጠና ከርሟል። ፓርኩ የተቋቋመው በ1969፣ ዩኔስኮ የመዘገበው በ1978 ነው። (ጎንደሬዎች ሆይ፣ ተራራው ከፋሲል ግንብ በአንድ ዓመት ይቀድማል።) በ1996 ከስጋት ዝርዝር ገባ፣ በ2017 ወጣ። ለመውጣቱ ከተመዘነበት ነገር አንዱ የዋልያውና የቀይ ቀበሮው ቁጥር ማገገም ነበር። ቆጣሪ ባይኖር በምን ይረጋገጥ ነበር?

ከዚያ በ2020 ጦርነቱ መጣ። በ2023 ደግሞ የክልላችን ግጭት። ዛሬ አንዱ «ታድኖ አለቀ» ይላል፣ ሌላው «ቆጣሪው ያልደረሰበት ገደል ውስጥ ተደብቋል» ይላል። ሁለቱን የሚዳኝ በየዓመቱ፣ በዚያው ቦታና በዚያው ዘዴ የተደረገ ቆጠራ ነው። አንድ ዓመት በተዘለለ ቁጥር ክርክሩ የግምት ይሆናል፤ በግምት ደግሞ ማንም አይጠየቅም።

«ሰው እየሞተ የዱር ፍየል ትቆጥራላችሁ?» የሚለን ወዳጅ አይጠፋም። ጥያቄው አይናቅም፤ እኛም ከዚሁ አገር ነን። ነገር ግን ስካውቱም ሰው ነው፤ ደባርቅ ላይ በቅሎ የሚያከራየውም፣ ቱሪስት የሚመራውም። ሰላም ሲሆን ይዘውት የሚነሡት ያ ተራራ ነው። ዋልያ ደግሞ ባብዛኛው አንድ ግልገል ነው የምትወልደው፤ እስክንረጋጋ ቆማ አትጠብቀንም።

እና በስሟ የምትነግዱ፣ በስሟ የምትጫወቱ፦ የአንድ ሳምንት የቆጠራ ስንቅ፣ ጥቂት ጥሩ መነጽርና ጫማ ከአንድ ማስታወቂያ ዋጋ ይበልጣል እንዴ? ፓርኩም ውጤቱን ከነዘዴው፣ ጉም የወሰደበትን ቀን ጭምር፣ በየዓመቱ ለሕዝብ ይንገር። እኛ በበኩላችን ቁጥሩን ሁለት መስመር አድርገን አንጥልም። መንገዱ ሲከፈት ለሚቀጥለው ቆጠራ ደብተራችንን ይዘን እንከተላችሁ። ብርድ ልብሱም ቆሎውም ከእኛ።