ትዝታን ያጠፋው መሣሪያው ነውን?

«ስልክ የምድጃ ዳር ጨዋታን ገደለ፤ ልጅ የአያቱን አፍ ትቶ ከመስተዋት ጋር ያወራል» የሚለው እሮሮ ስለ ባህል በሚነገርበት መድረክ ሁሉ ይደመጣል። እሮሮው ለጆሮ ይጥማል፤ በታሪክ ሚዛን ሲመዘን ግን ይቀላል። ጉዳቱም ጥፋተኛውን ሰው ነጻ አውጥቶ ግዑዙን ዕቃ ለፍርድ ማቅረቡ ነው።

የኢትዮጵያ ቤተሰብ ትዝታውን ለመሣሪያ አደራ መስጠት የጀመረው ዛሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1963 ለዓለም የቀረበው ካሴት ድምፅ መቅዳትን ከስቱዲዮ አውጥቶ ወደ መኖሪያ ቤት አስገባ። ፊደል ያልቆጠረች እናት ወደ ሱዳን፣ ወደ ዐረብ አገር ወይም ወደ አሜሪካ ለተሰደደ ልጇ ናፍቆቷን ያለ ጸሐፊ፣ በገዛ ድምፅዋ ላከች። የሠርግ ዘፈን፣ የለቅሶ ሙሾ፣ ፉከራና የትውልድ ቆጠራ በክሩ ላይ ሰፈሩ። ደብዳቤ የማይዘው ሣቅና ሳግ በካሴት ተያዘ። መሣሪያ ትዝታን የሚገድል ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ከየት መጣ?

ጥፋቱ የመጣው ከቸልተኝነት ነው። እንዳይደመሰስ ጠርዙ የተሰበረው ካሴት ቀዳዳው በወረቀት ተደፍኖ፣ በአያት ድምፅ ላይ የሰሞኑ ዘፈን ተቀዳበት። የተረፈውም በየሣጥኑ ተጣለ። ክሩ የብረት ኦክሳይድ የተቀባ ስስ ፕላስቲክ በመሆኑ ሙቀትና እርጥበት ያበላሹታል፤ ማጫወቻውም ከገበያ እየጠፋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በዩኔስኮ ሥር የወጣ ማስጠንቀቂያ፣ እስከ 2025 ገደማ ወደ ዲጂታል ያልተገለበጠ የማግኔት ክር ቅጂ ሊጠፋ እንደሚችል አሳስቦ ነበር። የተባለው ጊዜ ደርሷል።

«የቤት ካሴት ቅርስ አይደለም» የሚሉ አይጠፉም። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በሺህ የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ብራናዎች በማይክሮፊልም ሲነሡ፣ የዘመኑ ቴክኒክ የጥንቱን ጽሑፍ አዳነ እንጂ አልገደለም። ለብራናው የታሰበለት ለእናት ድምፅ የማይታሰብበት ምክንያት የለም። ብራናው የሊቃውንቱን ቃል ሲይዝ፣ ካሴቱ ብዕር ያልደረሰውን ገበሬና ወዛደር ቃል ይዟል።

ማዳኛው ደግሞ ያው የተወነጀለው ስልክ ነው። የሚሠራ ቴፕና ስልክ ያለው ተማሪ የአያቱን ቃል በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊገለብጥ ይችላል። መገልበጥ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ተናጋሪው ማን እንደሆነ፣ የት፣ መቼና ለማን እንደተናገረ የሚያውቁ አረጋውያን በሕይወት ሳሉ ካልተጠየቁ፣ የዳነው ድምፅ ስም የለሽ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ መምህራን ይህን የክፍል ሥራ ያድርጉት፤ የባህል ሠራተኞች የቀበሌውን ካሴት በባለቤቱ ፈቃድ ይመዝግቡ፤ ከያንያንም በጠፋው ላይ ከማልቀስ አስቀድመው የተረፈውን ያድምጡ።