ሰደፍ ጌጥ አይደለም

እኔ ቨርጂኒያ ውስጥ ታክሲ የምነዳ ሰው ነኝ። አገር ቤት ሳለሁ ደሴ ላይ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምር ነበር። በዚህ ገጽ ላይ ስለ ልጆቻችን ቋንቋና ስለ ማኅበራችን መከፋፈል ሲጻፍ ኖሯል። እኔ ዛሬ ስለ ጠመንጃ ሰደፍ ልጽፍ ነው። «ምን ነካው ይሄ ሰውዬ» የምትሉ ካላችሁ ጥቂት ታገሡኝ።

ነገሩ የተጀመረው ኤርፖርት ወረፋ ላይ ነው። አንድ ወንድማችን ስልኩን አውጥቶ የገዛውን ጠመንጃ ፎቶ ያሳያል። ሰዎቹ ዙሪያውን ከበው «አበጀህ! ይሄ ነው እንጂ!» ይላሉ። እኔም አንገቴን አሠገግሁ። ጠመንጃው ማውዘር ነው። ከጥይት ቤቱ በላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀርጾበታል። ሰደፉ ግን ጥቁር ፕላስቲክ ነው፤ ከፊት ሁለት እግር መደገፊያ፣ ከኋላ የትከሻ ጎማ፣ ከላይ መነጽር ተሰክቶበታል። ሰደፉን መቶ ዶላር በማይሞላ ዋጋ እንዳገኘው በኩራት ነገረን። «የድሮውስ ሰደፍ?» አልሁት። «ጋራዥ ውስጥ ወርውሬዋለሁ፤ ቅዳሜ ቆሻሻ ይወስደዋል። የተሰነጠቀ እንጨት ምን ይሠራል?» አለኝ።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ይህ ጠመንጃ ከየት እንደመጣ ለማታውቁ ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከኢትዮጵያ መጋዘኖች የወጡ እጅግ ብዙ አሮጌ ጠመንጃዎች በንግድ ወደ አሜሪካ ገብተው ሲሸጡ ቆይተዋል። አባቶቻችን ውጅግራ የሚሉት የፈረንሳዩ ግራስ አለበት፤ የጣሊያኑ ካርካኖ አለበት፤ ንጉሠ ነገሥቱ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለሠራዊታቸው ከቤልጅግና ከጀርመን ያስመጡት ማውዘር አለበት። ብዙዎቹ ሰደፋቸው የተሰበረ፣ በቆርቆሮ የተለበጠ፣ በሽቦ ወይም በጠፍር የታሰረ ነው። ከእኛም ወገን «የአባቶቼን ጠመንጃ ገዛሁ» ብሎ ግድግዳ ላይ የሰቀለ፣ ለአጋዘን አደን የሚሸከምም አለ። ሕጉን አክብሮ እስከ ያዘው ድረስ መግዛቱን የምነቅፍ ሰው አይደለሁም። የምነቅፈው ከገዛ በኋላ የሚያደርገውን ነው።

ለመሆኑ ሰደፍ ምንድን ነው? ብዙው ሰው መያዣ ይመስለዋል። ተማሪዎቼን እንደማስተምረው ላስረዳ። አንድ የማውዘር ጥይት እርሳሱ ወደ 13 ግራም ይጠጋል፤ በሰከንድ ከ700 ሜትር በላይ ይበራል። ኒውተን እንዳለው 4 ኪሎ የሚጠጋው ጠመንጃ ደግሞ ወደ ኋላ፣ ወደ ትከሻችሁ፣ በሰከንድ ከ2 ሜትር በላይ በሆነ ፍጥነት ይወረወራል። ይህን ሁሉ ርግጫ ከብረቱ ተቀብሎ ለትከሻ የሚያስረክበው ሰደፉ ነው። ማውዘር ላይ ደግሞ ርክክቡ የሚፈጸመው በአንዲት ትንሽ ቦታ ነው፦ ከብረቱ ሆድ ሥር ወደ ታች የወጣች ጉብታ አለች፤ የፊተኛው ብሎንም የሚገባው እዚያው ነው። ይህች ጉብታ የሰደፉን ግድግዳ አጥብቃ ካልተደገፈች ብረቱ በተኮሳችሁ ቁጥር ወደ ኋላ ይንሸራተትና የሰደፉን አንገት እንደ ሽብልቅ ይፈልጠዋል። የድሮዎቹ ሠሪዎች ይህን ስለሚያውቁ ከጉብታዋ በስተኋላ እንጨቱን በአግድም የሚወጋ የብረት ብሎን አስገቡበት። ርካሹን ሰደፍ ስትገዙ መጀመሪያ የምትፈልጉት ይህንን ነው። ብዙ ጊዜ የለም። ሌላው ጓደኛችን የገዛው አዲስ የእንጨት ሰደፍ ቀለሙ እንደ መስተዋት ያበራ ነበር፤ ሃያ ጥይት ሳይተኮስበት ከአንገቱ ተሰነጠቀ። እሱም «የቻይና እንጨት» ብሎ ተራገመ። ጥፋቱ የእንጨቱ አገር አልነበረም፤ ጉብታዋ የምታርፍበት ቦታ በአንድ ጥፍር ያህል ሰፍቶ ተቦርቡሮ ነበር።

ሻጩ «ለማውዘር ይሆናል» ይላችኋል። ማውዘር ግን አንድ አይደለም! የዩጎዝላቪያው ማውዘር ብረቱ ከተለመደው ስለሚያጥር የሁለቱ ብሎኖች ርቀት ይለያያል፤ የአንዱ ሰደፍ ለሌላው አይገባም። የወታደሩ አፈሙዝ ደግሞ እንደ ደረጃ ወፍሮ የሚቀጥን ነው፤ ለአደን የተሠራው ሰደፍ ቦይ ግን ለልሙጥ አፈሙዝ የተቦረቦረ ነው። ሲገጥሙት እዚህ ይነካል፣ እዚያ ይሰፋል። በሞረድ ሞርደው ያገቡታል። ከዚያ «ልክክ አለ» ይላሉ።

ከዚያ ወንድማችን ጋር ወደ ተኩስ ሜዳ ሄድን። በነገራችን ላይ አስቀድመን ጠመንጃ ሠሪ ዘንድ ወስደን ብረቱን ካላስመረመርን አልሄድም ብዬው ነበር፤ መቶ ዓመት ሊሞላው የተቃረበን ብረት ሳያስመረምር ጉንጩ ሥር የሚያፈነዳ ሰው በሰደፍ ምርጫ ብቻ አይድንም። ብረቱ ደህና ነው ተባለ። መቶ ያርድ ላይ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥይቶች ተጠጋግተው ገቡ። ከዚያ አፈሙዙ ሲሞቅ ጥይቱ ወደ ላይና ወደ ግራ መሰደድ ጀመረ። «መነጽሩ ነው» አለ። ከኪሴ የአንድ ዶላር ኖት አወጣሁና በአፈሙዙና በሰደፉ መካከል ሰድጄ ወደ ኋላ ጎተትሁት። ሁለት ጣት ሳይሄድ ተነከሰ። እንዲህ ያለ የአደን ሰደፍ አፈሙዙን መንካት የለበትም፤ ዶላሩ እስከ ጥይት ቤቱ ድረስ መንሸራተት አለበት። (የጥንቱን ሰደፍ በዚህ አትፈትኑት፤ እሱ ከአፈሙዙ ጋር በቀለበት አብሮ የሚታሰር ነው፤ ሥራው ሌላ ነው።) ቀጥሎ ጫፉን በእጄ ወደ አፈሙዙ ጨመቅሁት። እንደ ፕላስቲክ ቱቦ ተጣጠፈ። በመደገፊያው ሁለት እግር ላይ ሲያስተኛው ሰደፉ ይጎብጥና አፈሙዙን ይገፋል ማለት ነው። ሦስተኛ፣ የኋላው ብሎን ጠብቆ ሳለ አንድ ጣቴን በአፈሙዙና በሰደፉ መጋጠሚያ ላይ አድርጌ የፊቱን ብሎን ቀስ ብዬ ፈታሁ። አፈሙዙ ብድግ አለ። ብረቱ በሰደፉ ላይ ተቀምጦ ሳይሆን በብሎን ኃይል ተጣሞ ታስሮ ነበር።

ይህን ለማየት መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። አንድ ዶላር፣ አንድ ካቻቪቴና ሁለት እጅ ይበቃል። ይህን ያለፈ ሰደፍ በሃምሳ ዶላር ብታገኙት ግዙት፤ እኔ የማመሰግነው እንዲህ ያለውን ነው። ያላለፈውን በአምስት መቶ ዶላር አትንኩት። ውድ ነገር ሁሉ ጥሩ ነው የሚሉትም ወገኖች እኮ ከርካሽ ፈላጊው አይሻሉም፤ ሁለቱም ዕቃውን ትተው የዋጋውን ወረቀት ነው የሚያነቡት።

«እኛ የዕለት እንጀራ ፈላጊዎች ነን፤ ውድ ከየት እናምጣ?» የሚለኝ ይኖራል። ወንድሜ፣ እኔም የማድረው እዚያው ወረፋ ላይ ነው። ለዘመናዊ የአደን ጠመንጃ ከሆነ፣ ሰዎች ሌላ ሰደፍ ሲገጥሙ ያወለቁትን የፋብሪካ ሰደፍ በግማሽ ዋጋ ታገኛለህ፤ ለዚያው ጠመንጃ የተሠራ ነውና ይገጥማል። ሌላው ደግሞ ምንም አለመግዛት ነው። በሰደፉ ዋጋ ጥይት ገዝተህ ብትለማመድ ከማንኛውም ፕላስቲክ ይልቅ ኢላማህን ያቀናልሃል።

መነጽሩን እስካሁን ያቆየሁት የሚያናድደኝ እሱ ስለሆነ ነው። ርካሽ መነጽር ብዙ ጊዜ ለአሻንጉሊት ጠመንጃ የተሠራ ነው፤ ርግጫ አይችልም፣ ይፈታል፣ ልኩ ይዛባል። ይህስ ይሁን። ነገር ግን የመነጽሩን መቀመጫ ለማሰር ብረቱ መበሳት አለበት፤ የፊተኛው መቀመጫ የሚያርፈው ደግሞ በትክክል አንበሳው ላይ ነው! ወንድማችን በጎረቤቱ መሰርሰሪያ አንበሳውን ሁለት ቦታ በስቶታል። የሰብሳቢዎች ገበያ ያንን ጠመንጃ ከእንግዲህ እንደ ተበላሸ ነው የሚቆጥረው፤ ቀዳዳ ደግሞ አይመለስም። ከዚህም የከፋ አለ። የማውዘር የደህንነት ቁልፍ ከኋላ፣ ከላይ የሚገለበጥ ክንፍ ነው። መነጽሩ ዝቅ ብሎ ስለታሰረ ክንፉ እሱን ይመታል፤ አይገለበጥም። ጥይት ጎርሶ መቆለፍ የማይችል ጠመንጃ ይዞ ጫካ ለጫካ ከጓደኞቹ ጋር ሊሄድ ነበር እንግዲህ! ይህን ስነግረው «ጥንቃቄ አደርጋለሁ» አለኝ። መኪናው ፍሬን የሌለው ሾፌርም እንዲሁ ነው የሚለው።

ምን እንደምታስቡ አውቃለሁ። «ለአንድ አሮጌ እንጨት ይህን ያህል?» ትላላችሁ። ያ እንጨት የተለካው ለዚያ ብረት ነው። ሲሰነጠቅ የጠገነው ሰው አዲስ ሰደፍ የሚገዛበት ሱቅ አልነበረውም፤ ቢሆንም ጉብታዋ የምታርፍበትን ቦታ አልነካም። ስንጥቁ ያለው ከአንገቱ በታች ነው። በቆርቆሮ ለብጦ በአራት ምስማር መታው፤ ምስማሮቹ እንጨቱን እንዳይሰነጥቁት ሰያፍ አድርጎ። ማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። መለኪያ መሣሪያ አልነበረውም፤ ርግጫው የት እንደሚያርፍ ግን ያውቅ ነበር። ዩቲዩብ አይቶ በሞረድ የሚፍቀው ወንድማችን ይህን አያውቅም።

ዓርብ ማታ ከሥራ ስወጣ በቤቱ በኩል አለፍሁና ሰደፉን ከጋራዡ ወሰድሁት። ባለቤቴ «ጉድ! ደግሞ ይህን ቆሻሻ ወደ ቤት!» ብላ ጮኸች፤ አሁን ሳሎን ውስጥ ከመጋረጃው ጀርባ ቆሟል። እናንተ ይህን በምታነቡበት ጊዜ ወንድማችንም ያነበዋል፤ የመጽሔቱ ደንበኛ ነው። ጠመንጃውን ባዶ አድርጎ ይዞ ይምጣ። ሁለት ብሎን ነው፤ ካቻቪቴው ከእኔ።